ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚኖር የወሲብ ሕይወት፦ ጥያቄና መልስ

የፕሮስቴት ዕጢዬ በካንሰር ምክንያት ከወጣ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኖም የራሴን ማገገም በቅርብ ስከታተል፣ ሐኪሞቼን ስጠይቅ፣ በዚሁ መንገድ ከሚያልፉ ወንዶችና ከሚስቶቻቸው ጋር ስነጋገር ኖሬአለሁ። ብዙ ሰው በዚህ ጉዳይ አፍሮ ዝም እያለ ስለሚጎዳ፣ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ሳላድበሰብስ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ አራት ወር ሆነኝ። ሐኪሙ ነርቮቹን እንዳተረፈልኝ ነግሮኝ ነበር፤ ነገር ግን ምንም ለውጥ አላየሁም። ዋሽቶኝ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም፤ አራት ወር ገና ነው። ብልት እንዲቆም ትእዛዝ የሚያደርሱት ነርቮች እጅግ ቀጫጭን ናቸው፤ በፕሮስቴቱ ግራና ቀኝ ተጠግተው ያልፋሉ። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ፓትሪክ ዋልሽ በ1982 እ.ኤ.አ. እነዚህን ነርቮች ሆን ብለው ጠብቀው ዕጢውን እስካወጡበት ጊዜ ድረስ፣ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስንፈተ ወሲብ የማይቀር ዕዳ ተደርጎ ይታይ ነበር። ነርቭ ማትረፍ ማለት ግን አለመቁረጥ ነው እንጂ ፈጽሞ አለመንካት አይደለም። ዕጢው ከነርቮቹ ሲላቀቅ ይለጠጣሉ፣ ዙሪያቸው ያብጣል፣ ስለዚህም ሳይቆረጡ ለረጅም ጊዜ ሥራቸውን ያቆማሉ። ብዙውን ጊዜ ማገገማቸው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ዕድሜ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረው አቅም፣ ስኳር ሕመምና ሲጋራ ውጤቱን በእጅጉ ይወስናሉ። እኔ የመጀመሪያውን ምልክት ያየሁት በአሥራ አራተኛው ወር ነው፤ ሊነጋጋ ሲል ነቅቼ ብልቴ በከፊል ቆሞ አገኘሁት። ለግንኙነት የሚበቃ አልነበረም፤ ሆኖም ባለቤቴን ቀስቅሼ ነገርኳት፤ እጄን ይዛ ዝም አለች፤ ሁለታችንም እስኪነጋ እንቅልፍ አልወሰደንም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከታከመ ወዲህ ሊነካኝ እንኳ አይፈልግም። ፍላጎቱ ከዕጢው ጋር ወጥቶ ይሆን?

መልስ፦ አልወጣም፣ እህቴ። አምስት ነገሮችን ለይተን እንያቸው። ፍላጎት የሚመነጨው ከአእምሮና በዋናነት የዘር ፍሬ ከሚያመርተው ቴስቶስትሮን ከተባለ የወንድ ሆርሞን ነው፤ ሆርሞን የሚቀንስ ሕክምና ካልተጨመረ በስተቀር ቀዶ ሕክምናው አይነካውም። የቆዳ ስሜት በሌላ ነርቭ በኩል ስለሚሄድ አይጠፋም። የርካታው ጫፍም ብልት ባይቆም እንኳ ይመጣል፤ ይህን ለብዙ ወንዶች አስቀድሞ የነገራቸው የለም። በእርግጥ የሚጠፋው የዘር ፈሳሽ ነው፣ ምክንያቱም የሚያመርቱት ዕጢዎች ወጥተዋል። የሚጎዳውና ጊዜ የሚፈልገው መቆሙ ነው።

ታዲያ ለምን ይሸሽዎታል? እኔም ሸሽቻለሁ፤ ምክንያቴን ልንገርዎት። ባለቤቴን ባቀፍኳት ቁጥር የጀመርኩትን የማልጨርስ መስሎኝ እፈራ ስለነበር፣ ማታ ማታ ሥራ አለብኝ እያልኩ እሷ እስክትተኛ ሳሎን እቆይ ነበር። እሷ ግን የጠላኋት መስሏት ስታለቅስ ከርማለች። መተቃቀፍ ለግንኙነት የተሰጠ ቃል እንዳልሆነ በግልጽ ከተነጋገርን በኋላ ነው ወደ አልጋችን የተመለስኩት። ይህን ንግግር እርስዎ ቢጀምሩት ነውር የለበትም። ካንሰሩም በግንኙነት ወደ እርስዎ አይተላለፍም፤ ይህን የሚፈሩ ሚስቶች ስላጋጠሙኝ ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41 ነው፤ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና አደርጋለሁ። ልጅ መውለድ እችላለሁ?

መልስ፦ በተፈጥሮ መንገድ አይችሉም። ከመግባትዎ በፊት ዘርዎን ስለማስቀመጥ ሐኪምዎን ዛሬውኑ ይጠይቁ። ቢያመልጥዎም የዘር ፍሬው ማምረቱን ስለማያቆም ከዚያው በመርፌ ወይም በትንሽ ቀዶ ሕክምና ማውጣት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ብልት እንዲቆም የሚረዳውን እንክብል፣ ሲልዴናፊልን (ቪያግራ)፣ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልሠራልኝም። ልተወው?

መልስ፦ ጨርሰው አይተዉት። ሲልዴናፊልም ሆነ መሰሉ ታዳላፊል ከነርቭ የሚመጣውን መልእክት ያጎላሉ እንጂ መልእክቱን አይፈጥሩም፤ ነርቭ በተኛበት ወቅት ደካማ መሆናቸው የሚጠበቅ ነው። ያልሠራው እንክብል ከመንፈቅ በኋላ ሊሠራ ይችላል። ሲልዴናፊል ቅባት የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ ሲወሰድ ይዘገያል፣ አንድ ሰዓት ያህልም አስቀድሞ መዋጥ አለበት፣ ያለ መነቃቃትም አይሠራም። በየቀኑ መውሰድ ማገገሙን ያፋጥን እንደሆነ ጥናቶቹ ስላልተስማሙ፣ ያፋጥናል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም። ከሁሉ በላይ ይህን ይያዙልኝ፦ ለልብ ሕመም ናይትሮግሊሰሪን ወይም መሰል ናይትሬት የሚወስድ ሰው እነዚህን መድኃኒቶች ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ የደም ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል።

ጥያቄ፦ ነርቮቹ እስኪያገግሙ ሌላ ምን አማራጭ አለ?

መልስ፦ አንደኛው አየር በመምጠጥ ደም ወደ ብልት የሚስበው ፓምፕ ነው፤ ደሙን የሚይዘው ቀለበት ከ30 ደቂቃ በላይ መቆየት የለበትም። እኔን የረዳኝ ግን አልፕሮስታዲል የተባለው መርፌ ነው። በቀጥታ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የነርቭ መልእክት አይጠብቅም። የመጀመሪያውን ጊዜ በቤት ስወጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ባለቤቴ የእጅ ባትሪ ይዛ ታበራልኝ ነበር። መርፌው እንደ ኢንሱሊን መርፌ ቀጭን ነው፤ የሚወጋው በብልቱ ጎን፣ የሚታይ የደም ሥር በሌለበት ነው። ከዚያ በጥጥ ጫን አድርጎ መያዝ ነው። ሕመሙ ከፍርሃቱ እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። መጠኑን ሐኪም በክሊኒክ ሳይለካ ማንም በራሱ እንዳይጀምር፤ ብልት ከአራት ሰዓት በላይ ከቆመም ሳያመነቱ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በግንኙነት ርካታ ላይ ስደርስ ሽንት ያመልጠኛል፤ ብልቴም ያጠረ ይመስለኛል።

መልስ፦ ሁለቱም የታወቁ ናቸው። አስቀድመው ሽንትዎን ይሽኑ፣ ኮንዶም ይጠቀሙ፣ ሽንት ለመያዝ የምንጠቀምባቸውን የዳሌ ጡንቻዎችም በየቀኑ ያጠንክሩ። ማጠሩም እውነት ነው፤ በአንዳንዶች ከጊዜ ጋር በከፊል ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ካንሰሩ ስለተስፋፋ የሁለቱም ጎን ነርቮች ወጥተውልኛል። ሁለት ዓመት ጠብቅ ተብያለሁ።

መልስ፦ ጥበቃው የተኛ ነርቭ እስኪነቃ ነው፤ እርስዎ ግን የሚነቃ ነርቭ ስለሌለዎት ለምን እንደሚጠብቁ ሐኪምዎን በግልጽ ይጠይቁ። መርፌው ለእርስዎም ሊሠራ ይችላል። ካልተመቸዎት በብልት ውስጥ የሚቀመጥ፣ በዘር ፍሬ ከረጢት ውስጥ ባለ ትንሽ ፓምፕ የሚሞላ ሰው ሠራሽ ተከላ አለ። ቋሚ ነው፤ ከተተከለ በኋላ ወደ ቀድሞው መመለስ ስለማይቻል ነርቭ ለተረፈለት ሰው በችኮላ አይመከርም። የቆዳ ስሜትንና ርካታን ግን አይወስድም።