የጌም ሽፋን ለመመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል ወይ?

«የቪዲዮ ጌም ሽፋን የግራፊክ ዲዛይን ታሪክ ተብሎ ለመመረቂያ ይሆናል? አማካሪዬ የልጆች ጨዋታ ነው አለኝ» ላልከው ወንድሜ፣ በደንብ ይሆናል። እኔ ዲዛይን የጀመርኩት ከዚያ ነው።

ያደግኩት ቡራዩ ነው። የሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ዲስኩም ሽፋኑም ኮፒ ነበር። አንድ ክረምት ባለቤቱ የጂቲኤ ሳን አንድሪያስን ሽፋን የቆርቆሮ በሩ ላይ እንድስልለት ጠየቀኝ። በእርሳስ ካሬ ካሬ እየከፋፈልኩ አሳደግኩት። ግራ ጥግ ላይ ያለችው ሄሊኮፕተር አማረች። የአንዱ ሰውዬ ፊት ግን ቀለሙ ወርዶ ተበላሸ። አፍሬ መንገድ ተሻግሬ ሳየው ጭራሽ አያስታውቅም! ሽፋኑ በወፍራም ጥቁር መስመር የተከፋፈለ ስለሆነ አንዱ ክፍል ሲበላሽ ሌሎቹ ይሸከሙታል። ታክሲ ውስጥ ሆኖ የሚያልፍ ሰው እንኳ ጂቲኤ መሆኑን ያውቃል። ገጹን እንዲህ በመስመር መከፋፈል ግሪድ እንደሚባል የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ወደ ጽሑፍህ ስንመጣ፣ ምዕራፎቹን በኩባንያ አትከፋፍል። ሽፋኑ ምን ሥራ ነበረው ብለህ ጀምር። አታሪ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣውን ኮምባት የተባለ ጌም (እ.ኤ.አ. 1977) ውሰድ። ስክሪኑ ላይ ታንኩ ጥቂት ካሬ ነጠብጣብ ነው። ሳጥኑ ላይ ግን ሠዓሊው ክሊፍ ስፖን ታንኩንም አውሮፕላኑንም ባንድ ላይ አዋህዶ ስሎታል። ስክሪኑ ያልቻለውን ልጁ ከሳጥኑ አይቶ በሐሳቡ ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ የጌም ገበያ ወደቀ። የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ1985 እዚያ ሲገባ የአታሪን ተቃራኒ አደረገ፤ ጥቁር ሳጥን ላይ የጌሙን ፒክስል (የስክሪኑን ካሬ ነጠብጣብ) ራሱን አጉልቶ አተመው። የምትገዛው ይሄንኑ ነው ማለቱ ነው። ለእኔ ከሁሉም ደፋሩ ይሄ ነው።

አማካሪህን ዝም ማሰኘት ከፈለግክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን አይኮ የሚባል ጌም አሳየው። የጃፓኑንና የአውሮፓውን ሽፋን የሳለው የጌሙ ዳይሬክተር ፉሚቶ ኡዌዳ ራሱ ነው፤ መነሻው የጣሊያናዊው ሠዓሊ የጆርጆ ዴ ኪሪኮ ሥዕል ነው። ረጅም ጥላ፣ ባዶ ሜዳ፣ ትንንሽ ሰዎች። የአሜሪካው ግን ሌላ ነው፤ ጎን ለጎን አስቀምጣቸውና ፍረድ።

የእኛንም አትርሳ። ከዚያ ጌም ቤት የተረፉ ፎቶ ኮፒ ሽፋኖች እኔ ጋ አሉ፤ ጫፋቸው በመቀስ የተቆረጠ፣ ርዕሳቸው በእስክሪብቶ የተጻፈ። ኢንቦክስ አድርግልኝ፣ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ።