ቢልዱ ለምን ቀላ? ከሰሜን ሸዋ የመጡ አራት ጥያቄዎች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ስታቲክ ድረ ገጽ ናቸው። ጽሑፉ ማርክዳውን በሚባል ቀላል የጽሑፍ ፋይል ይጻፋል፤ ሁጎ ወይም ጄኪል የመሰለ ፕሮግራም ፋይሎቹን አንብቦ ገጾቹን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። ቢልድ የሚባለው ይህ ዝግጅት ነው፤ ሲሳካ በአረንጓዴ፣ ሲከሽፍ በቀይ ይታያል፣ የሂደቱ መዝገብ ደግሞ ሎግ ይባላል። ጣጣው የሚበዛውም እዚሁ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የምንጣፍና የበርኖስ መሸጫ ድረ ገጻችን በሁጎ የተሠራ ነው። ፋይሎቹ ጊትሃብ በሚባለው የፋይል ማስቀመጫ አገልግሎት ላይ ናቸው፣ ቢልዱን የሚሠራው ኔትሊፋይ ነው። አንድ አዲስ ገጽ ጨምሬ ፑሽ ሳደርግ (ወደ ጊትሃብ ስሰድ) ሎጉ ረጅም ሆኖ መጨረሻው ላይ «ኖን ዚሮ ኤግዚት ኮድ» አለኝ። ድረ ገጹን ስከፍት ግን የድሮው አለ። ምን ነካው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የድሮው መታየቱ ደግ ነው። ቢልድ ሲከሽፍ ኔትሊፋይ ቀድሞ የተሳካውን አያነሳውም፤ ደንበኞችዎ ምንም አላዩምና ረጋ ብለው ይሥሩ።

ያ የመጨረሻ መስመር የሚናገረው ፕሮግራሙ ሥራውን ሳይጨርስ መውጣቱን ብቻ ነው። ፕሮግራም በሰላም ሲጨርስ 0 ትቶ ይወጣል፤ ሌላ ቁጥር ከተወ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ምን እንደተበላሸ ቁጥሩ አይነግርዎትም። ስለዚህ ሎጉን ከላይ ይጀምሩና «ኤረር» የሚለው ቃል መጀመሪያ የታየበትን መስመር ይፈልጉ። ከሱ በታች የተደረደረው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ጥፋት ያስከተለው ነው። ብዙ ሰው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ ሰዓቱን የሚያባክነው ይህን ባለማወቅ ነው።

በዚያ መስመር ላይ የፋይሉን ስም፣ ከስሙም ቀጥሎ 4:12 የመሰለ ቁጥር ሊያገኙ ይችላሉ። አራተኛው መስመር፣ በመስመሩ ውስጥ 12ኛው ፊደል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚያሳየው ፕሮግራሙ የተደናቀፈበትን ቦታ ነው እንጂ እርስዎ የተሳሳቱበትን አይደለም። ሦስተኛው መስመር ላይ ጥቅስ ከፍተው ሳይዘጉ ቢቀሩ ፕሮግራሙ የሚጮኸው አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ደርሶ ነው። ከተጠቆመው በላይ ያሉትን ሁለት መስመሮችም ይመልከቱ።

አዲስ ገጽ ሲጨመር መጀመሪያ የሚጠረጠረው በሦስት ሰረዝ ተከፍቶ በሦስት ሰረዝ የሚዘጋው የራስጌ ክፍል ነው። የሚጻፈው ያምል በሚባል አጻጻፍ ነው፦ መጀመሪያ መለያ ቃል (ለምሳሌ ርዕስ ወይም ቀን የሚለው)፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ዋጋው ማለትም ለመለያው የሚሰጠው ጽሑፍ፤ ያምል ደግሞ ነጥብና ክፍተት ላይ አይቀልድም። በአማርኛ ኪቦርድ ለምንጽፍ ሰዎች ዋናው ወጥመድ ሁለት ነጥብ ነው። የእኛው የቃል መለያ ፡ እና የእንግሊዝኛው : ለዓይን መንትያ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ፈጽሞ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ከመለያ ቃሉ ቀጥሎ ፡ ወይም ፦ ከገባ ያምል መለያና ዋጋ መኖራቸውን አያውቅም፤ ቀጣዩ መስመር ላይ ደርሶ «ሁለት ነጥብ ጠብቄ አጣሁ» የሚል መልእክት ያወጣል። እርስዎ ያንን መስመር ቢያገላብጡት ምንም አያገኙበትም፤ ጥፋቱ ከሱ በላይ ነውና።

ሁለተኛው ርዕስ ውስጥ የሚገባ ሁለት ነጥብ ነው። «በርኖስ: ዋጋና መጠን» ብለው ያለ ጥቅስ ከጻፉ ያምል ሁለተኛ መለያ የመጣ ይመስለውና ይቆማል። ርዕሱን ሙሉውን በቀጥተኛ ጥቅስ "…" ይክበቡት። ከወርድ የተቀዳው ጠምዛዛ ጥቅስ “…” አይሠራም። መስመር ገባ ለማድረግም ታብ የሚባለውን ቁልፍ አይጠቀሙ፤ ያምል ታብ አይቀበልም፣ በስፔስ ብቻ ነው።

ሎጉ ፋይል ካልጠቆመ ገጾቹን ለሁለት ይክፈሏቸው። ግማሹን ከፕሮጀክቱ ውጭ ወዳለ ፎልደር አውጥተው እንደገና ቢልድ ያድርጉ። ከተሳካ ጥፋቱ ከወጣው ግማሽ ነው፤ ካልተሳካ ከቀረው። አርባ ገጽ ቢኖርዎት ቢበዛ ስድስት ሙከራ ነው። ይህን ግን በራስዎ ኮምፒውተር ያድርጉት፤ ለእያንዳንዱ ሙከራ ፑሽ እያደረጉ መጠበቅ ዳታም ቀንም ይበላል። እርስዎ ዘንድ ተሳክቶ ኔትሊፋይ ላይ ብቻ የሚከሽፍ ከሆነ የሁለቱን የሁጎ ቨርዥን ያመሳክሩ። ኔትሊፋይ የሚጠቀመውን ቨርዥን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል በሚባል ቅንብር መወሰን ይቻላል፤ ከራስዎ ጋር አንድ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ስለ ጓሳ ጭላዳዎች የጻፍኩትን ጳጉሜ 3 ቀን 2017 ብዬ ቀን ሰጥቼ ባወጣው ቢልዱ ቀላ። ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ነሐሴ 30 ብዬ ብጽፈው አረንጓዴ ሆነ፤ ገጹ ላይ ግን ላገኘው አልቻልኩም። (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ሁጎ የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን ቀን ብቻ ነው። 2017-13-03 ሲያነብ 13ኛ ወር የሚባል ነገር ስለሌለው ይቆማል። ይህኛው ቀላሉ ነው፤ ጥፋቱን በግልጽ ይነግርዎታል። አስቸጋሪው ነሐሴ 30 ነው፦ 2017-12-30 ትክክለኛ የአውሮፓ ቀን ስለሆነ ያለ ቅሬታ ይቀበለውና ጽሑፉን ታኅሣሥ 2010 አካባቢ የወጣ አድርጎ ከዝርዝሩ ግርጌ ይወረውረዋል። የመጨረሻውን ገጽ ቢከፍቱ እዚያ ያገኙታል። ጥቅምት 29 እና 30ም እንደ ጳጉሜ ያስቆማሉ፤ ሁለተኛው ወር ለሁጎ ፌብሩዋሪ ነው፣ 2017 ላይ ደግሞ 28 ቀን ብቻ ነበረው።

ስለዚህ ራስጌው ላይ የአውሮፓውን ቀን ይጻፉ፦ ጳጉሜ 3 ቀን 2017 ማለት 2025-09-08 ነው። አንባቢ እንዲያየው የሚፈልጉትን የሀገራችንን ቀን በሌላ መለያ እንደ ተራ ጽሑፍ በጥቅስ ውስጥ ያስቀምጡት።

ሰዓትም ከጨመሩ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የሚጻፈው 09:00 ተብሎ ነው። የሰዓት ቀጠና ካልተነገረው ሁጎ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ይቆጥረዋል፤ እኛ ደግሞ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ 09:00 ብለው የጻፉት ለሁጎ የእኛው ቀትር 6 ሰዓት ነው። ቀኑ ገና ያልደረሰ ጽሑፍን ሁጎ ሳይናገር ይዘለዋል፣ ቢልዱም አረንጓዴ ይሆናል። ቀትር ሲያልፍ በራሱ ብቅ ይላል ብለው እንዳይጠብቁ፤ ሌላ ቢልድ እስኪደረግ ድረስ አይወጣም። ከሰዓቱ መጨረሻ +03:00 ማከል ነገሩን ይፈታዋል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ካልታየ ራስጌው ላይ «ድራፍት» (ረቂቅ) የሚለው «ትሩ» (እውነት) ተብሎ እንዳልቀረ ይዩ።

ጥያቄ፦ የሽንኩርት ማሳ ፎቶዎቼ በላፕቶፔ ላይ ይታያሉ፤ ኢንተርኔት ላይ ቦታቸው ባዶ ነው። ትናንት ደግሞ አንድ ጽሑፍ ስጨምር ቢልዱ ገና ፋይል ሲያወርድ «ፋይል ኔም ቱ ሎንግ» ብሎ ቆመ። ዊንዶውስ ነው የምጠቀመው። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ሁለቱም ከዊንዶውስና ከሊኑክስ ልዩነት የመጡ ናቸው። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ የእንግሊዝኛን ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ቢልዱ የሚሠራበትና ገጹ የሚቀመጥበት ሊኑክስ ይለያል። ብዙ ካሜራዎች ቅጥያውን (ከፋይሉ ስም ነጥብ በኋላ ያለውን) በትልቁ ፊደል ይሰጣሉ፣ ሰው ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ በትንሹ ይጽፈዋል። ሁሉንም በትንሹ ያድርጉ። ብቻ ፊደሉን ዊንዶውስ ላይ ቢቀይሩ ጊት (የፋይሎችን ለውጥ የሚመዘግበው ፕሮግራም) ለውጡን ላያየው ይችላል፤ መጀመሪያ ሌላ ስም ሰጥተው ኮሚት ያድርጉ (ለውጡን ጊት ውስጥ ያስመዝግቡ)፣ ከዚያ ወደሚፈልጉት ስም መልሰው ሁለተኛ ኮሚት ያድርጉ።

የስሙ ርዝመት የግዕዝ ፊደል ጉዳይ ነው። ሊኑክስ ላይ አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት ሊበልጥ አይችልም፤ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። የማርክዳውን ቅጥያ ከነነጥቡ 3 ባይት ስለሆነ ለስሙ የሚቀርዎት 84 ፊደል ነው። ዊንዶውስ የሚቆጥረው በባይት ስላልሆነ መቶ ፊደል ቢሆንም ዝም ይላል። የጽሑፉን ሙሉ ርዕስ የፋይል ስም ማድረግ ይቅርብዎ፤ ሊንኩም ቢሆን ለሰው ሲላክ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ተቀይሮ ግማሽ ገጽ ይሞላል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሁጎ፣ በጊትሃብ አክሽንስ (ቢልዱን በሚሠራው የጊትሃብ አገልግሎት)። ሁሉም አረንጓዴ፣ ገጹ ግን ነጭ ወረቀት። (ከአንኮበር)

መልስ፦ ቴሙ (የገጹን መልክ የሚሰጡት ፋይሎች) አልወረደም። ሎጉ ውስጥ «ፋውንድ ኖ ሌይአውት ፋይል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያገኛሉ፤ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ቢልድ አያስቆምም። ቴሙን በጊት ሰብሞጁል (ከሌላ ፕሮጀክት በማገናኛ የሚመጣ ፎልደር አድርገው) አስገብተው ከሆነ ፋይሎቹን የሚያወርደው እርምጃ ሰብሞጁሎችንም እንዲያወርድ ካልታዘዘ የቴሙ ፎልደር ባዶውን ይመጣል። የአክሽንስ ትእዛዞች በተጻፉበት የዎርክፍሎው ፋይል ውስጥ «ቼክአውት» የሚለው እርምጃ ላይ ሰብሞጁልስን «ሪከርሲቭ» ያድርጉ። ሁጎንም «ፓኒክ ኦን ዋርኒንግ» በሚለው አማራጭ ያስነሱት፤ ያኔ ቴሙ ሲጎድል ቢልዱ ይቀላል። ሰብሞጁል ካሰለችዎ ቴሙ ውስጥ የተደበቀውን የጊት ፎልደር አጥፍተው፣ የሰብሞጁሉን ምዝገባ ከጊት አንስተው፣ የቴሙን ፋይሎች እንደ ራስዎ ፋይል ኮሚት ማድረግም ይቻላል፤ ቴሙ ሲታደስ ግን በእጅ መቅዳት የእርስዎ ሥራ ይሆናል።