መልስ፦ 3 በ4 ክፍል ውስጥ አልጋና ዕቃ ማብቃቃት

እህት፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር በተከራየሻት 3 በ4 ሜትር የጭቃ ክፍል አልጋ፣ ቁም ሳጥንና የማብሰያ ዕቃ እንዴት እንደሚበቃሽ ጠይቀሻል። ቁም ሳጥኑን ተዪው፤ በሩ ሲከፈት ብቻ ግማሽ ሜትር ይበላል። ይልቅ የብረት አልጋሽን እግር በያጅ ጋ ወስደሽ ከወለል እስከ ርብራቡ 60 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን አስቀጥዪ። ሻንጣውም የጤፍ ባልዲውም ከሥሩ ይገባል። ከግድግዳው ግን አንድ ስንዝር አርቂያቸው፤ የባሕር ዳር ክረምት ግድግዳ የነካውን ጨርቅና ካርቶን ያሻግታል።

ዋናው መደርደሪያው ነው። ጭቃ ላይ የተመታ ሚስማር መጀመሪያ የያዘ ይመስላል፣ ከዚያ ይፈረፈርና ከነድስቱ ይወርዳል። ግድግዳውን አንኳኪ፤ ድምፁ ጠንከር ባለበት ቦታ በቀጭን ሚስማር ሞክሪ። ጭቃ ከሆነ ዝም ብሎ ይሰምጣል፤ ቋሚው እንጨት ጋ ሲደርስ እምቢ ይላል። መደርደሪያውን ቢያንስ ሁለት ቋሚ ላይ እሰሪው፤ ወርዱ ከ25 ሳንቲ ሜትር አይለፍ፣ ከሰፋ ሚስማሩን ይነቅለዋል። መጀመሪያ አከራይሽን አስፈቅጂ፣ ኋላ ጭቅጭቅ ነው።

አጎበሩ ክብ ይሁን፣ ከጣሪያው እንጨት በአንድ ገመድ ይንጠለጠላል፤ ቀን ጠቅልለሽ ትሰቅይዋለሽ። ከሰል ምድጃ ግን ቦታ ቢተርፍሽም ውስጥ አታስገቢ፣ በረንዳ ላይ ይሁን፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።