መልስ፦ ከሰንበቴው ጀምሪ

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ! «ለሥራ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውሬ ሰው አላውቅም፤ ከአጥቢያው ምእመን ጋር እንዴት ልቀላቀል?» ላልሽው፣ ከሰንበቴው ጀምሪ። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ወደ ቤት አትሩጪ፤ ሰንበቴ ቤቱ ጎራ በይ። ባለ ተራው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ አጠገብሽ ያሉት እናት «የማን ልጅ ነሽ?» ይሉሻል። በቃ፣ ትውውቁ ተጀመረ።

ቀጥሎ ጽዋ ማኅበር ግቢ። በወር አንዴ፣ ማኅበሩ በስሙ በሚጠራው ቅዱስ ዕለት፣ በየቤቱ በተራ ይዞራል። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለቀጣዩ ባለ ተራ ሲሰጥ ሁሉም ብድግ ይላል። እኔ መጀመሪያ የተቀበልኩ ቀን እጄ ተንቀጥቅጧል። ከዚያ ወዲህ ስታመም የሚጠይቀኝ፣ ሐዘን ሲደርስብኝ አብሮኝ የሚያመሽ ሰው አላጣሁም።

ፍልሰታ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቅዳሴው በየቀኑ ስለሆነ ሳታስቢው ከሰው ፊት ጋር ትላመጃለሽ። ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢ ደርቢ። ጥር 10፣ ለከተራ፣ ታቦት አጅበሽ ስትወርጂም ነጠላ ብቻ እንዳታደርጊ። የሌሊቱ ውርጭ ሌላ ነው።

የት ሰፈር ነው ያረፍሽው?