ማይግሬንና አብረውት የሚኖሩ ሕመሞች፦ ጥያቄና መልስ

በነርቭ ሕክምና የምሠራ ሐኪም ነኝ። ማይግሬን፣ ማለትም እየተመላለሰ የሚነሣ ከባድ የራስ ምታት ሕመም፣ የሚበረታው ሰው ሠርቶ ቤተሰብ በሚያስተዳድርበት ዕድሜ ነው፤ ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል። ቀድመው የደረሱኝን ጥያቄዎች ሳነብ፣ አብዛኞቻችሁ ስለ ራስ ምታቱ በሰፊው ጽፋችሁ ሌላውን ሕመማችሁን በመጨረሻው መስመር ላይ እግረ መንገዳችሁን ጠቅሳችሁታል። እኔ የምጀምረው ከዚያ መስመር ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ማይግሬን ከያዘኝ ረጅም ጊዜ ሆኖኛል። በቅርቡ ደግሞ ድብርት እንዳለብኝ ተነገረኝ። ራስ ምታቱ ነው ድብርቱን ያመጣብኝ ወይስ ድብርቱ ነው ራሴን የሚያሳምመኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንዱ ሌላውን ይጠራዋል። ማይግሬን ያለበት ሰው በድብርትና በጭንቀት የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ድብርት ያለበትም ለማይግሬን ይበልጥ ተጋላጭ ነው። ስለዚህ የትኛው እንደቀደመ በማሰብ አትድከም። እኔን የሚያሳስበኝ ድብርቱ ሳይታከም መቅረቱ ነው። ያን ጊዜ አልፎ አልፎ ይነሣ የነበረው ማይግሬን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ወደሚያም ሥር የሰደደ ሕመም የመሻገር ዕድሉ ይጨምራል። ቬንላፋክሲን የተባለው መድኃኒት ለሁለቱም ሊያገለግል ይችላል። አሚትሪፕቲሊን ግን ለማይግሬን መከላከያ የሚሰጠው በትንሽ መጠን ነው፤ ያ መጠን ለድብርት አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። ድብርቱም ማይግሬኑም ለየብቻ ክትትል ይፈልጋሉ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ተናገርና ወደ ሕክምና ሂድ።

ጥያቄ፦ ከሥራ እንዳልቀር ጠዋት ጠዋት ማስታገሻ እወስዳለሁ። ራሴን ማመሙ ግን ጭራሽ እየባሰበት ነው። መጠኑን ልጨምር?

መልስ፦ አይጨምሩ። ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት እያመጣ ሊሆን ይችላል። እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉትን በወር 15 ቀን ወይም ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን የተባሉትን የማይግሬን ማስታገሻዎችና ከአንድ በላይ መድኃኒት የተቀላቀለባቸውን ማስታገሻዎች ደግሞ 10 ቀን ወይም ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር አልፎ የሚወስድ ሰው ላይ ይህ ይከሰታል። የሚቆጠረው ቀኑ ነው እንጂ የእንክብሉ ብዛት አይደለም። ሲቀንሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊብስብዎት ስለሚችል፣ ከሐኪም ጋር ሆነው መከላከያ መድኃኒት ጀምረው ያድርጉት። በዚህ ሕመም ተይዘው ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኞቹ ከሥራ ላለመቅረት የታገሉ ብርቱ ሰዎች ናቸው፤ ስንፍና አድርጎ የሚያየው ሰው ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ አስም አለብኝ። ለማይግሬን ፕሮፕራኖሎል ታዘዘልኝ። ልጀምረው?

መልስ፦ ያዘዘልሽ ሐኪም አስም እንዳለብሽ ያውቃል? ካላወቀ ሳትጀምሪው ተመለሺና ንገሪው። ይህ መድኃኒት የአየር ቧንቧን ያጠባል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም የአንዳንድ አስመኞችን ሕመም ስለሚቀሰቅሱ እነሱንም አንሺለት።

ጥያቄ፦ ራሴን ከማመሙ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ዓይኔ ላይ የሚያብረቀርቅ ጥምዝምዝ መስመር ይታየኛል። የደም ግፊት አለብኝ፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልም እወስዳለሁ። ማይግሬን ወደ ስትሮክ ይለወጣል ሲሉ ሰምቼ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። የገለጽሽው ኦራ ይባላል። ኦራ ያለው ማይግሬን በደም መርጋት ለሚመጣ ስትሮክ ያለውን ተጋላጭነት ወደ ሁለት እጥፍ ያደርሰዋል። ወጣት ሰው ላይ መነሻ ተጋላጭነቱ አነስተኛ ስለሆነ እጥፉም ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የደም ግፊት፣ ሲጋራና በአንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያዎች ውስጥ ያለው ኤስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ሲደራረቡበት ነገሩ ይለወጣል። ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ኦራ ላለባት ሴት አይመከርም። ፕሮጀስቲን የተባለው ሆርሞን ብቻ ያለበት እንክብል ወይም በማሕፀን የሚቀመጥ ሉፕ አለ። ምትኩን ሳትዘገዪ ከሐኪምሽ ጋር ምረጪ። ትሪፕታን የደም ሥርን ስለሚያጠብ ግፊቱ ሳይስተካከል አይወሰድም። እንደ ካንደሳርታን ያሉ መድኃኒቶች ግፊቱንም ማይግሬኑንም ይረዳሉ፤ እርግዝና ካሰብሽ ግን ለሐኪምሽ አስቀድመሽ አሳውቂ።

ሁላችሁም ይህን ያዙ፦ በቅጽበት ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርስ ራስ ምታት፣ የአንድ ወገን መዛል፣ የአንደበት መያዝ፣ ከትኩሳት ጋር የአንገት መገተር፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ ራስ ምታት «የለመድኩት ማይግሬን ነው» ተብሎ አይታለፍም።

ጥያቄ፦ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። እንቅልፌ ሲዛባ ይነሣብኛል።

መልስ፦ የምትተኛበትን ሰዓት በተቻለ መጠን አንድ አድርገው፤ በእረፍት ቀንም ቢሆን። ስታንኮራፋና በየማለዳው ራስህን እያመመህ የምትነቃ ከሆነ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመም እንዳለብህ ተመርመር።

ጥያቄ፦ አለቃዬ «ራስ ምታት ማንን ያላመመው አለ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ያልታከመ ማይግሬን ከ4 እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ፣ ከማቅለሽለሽ ጋር ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላ የነርቭ ሕመም መሆኑን ንገሪያቸው። በቃል ብቻ አትቅሪ፤ የታመምሽባቸውን ቀናት፣ የወሰድሽውን መድኃኒትና የወር አበባሽን ጊዜ በየዕለቱ መዝግቢ። ከዚያ ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቂ፦ ከመስኮት ነጸብራቅ የራቀ ወንበር፣ ደብዘዝ ያለ የኮምፒውተር ብርሃን፣ ሕመሙ ሲጀምር መድኃኒት ወስደሽ ጨለም ባለ ክፍል የምታርፊበት አጭር ጊዜ። መዝገቡን ለሐኪምሽም አሳዪው፤ የሕክምና ማስረጃ የሚጽፍልሽ እሱን አይቶ ነው።