ጀርባው ባዶ የሆነ የቲ-206 ካርድ የሙከራ ህትመት ነው ወይ? (መልስ)

ሰላም ወንድሜ። ጀርባው ባዶ፣ ጠርዙ ላይ የመስቀል ምልክት ያለበት የቲ-206 ቤዝቦል ካርድ (ከሲጋራ ጋር ይወጣ የነበረ፣ የተጫዋች ሥዕል ያለበት የድሮ የአሜሪካ ካርድ) እውነተኛ የሙከራ ህትመት (ከዋናው ህትመት በፊት ቀለሙን ለመፈተሽ የሚወጣ ናሙና) መሆኑን በምን አውቃለሁ ብለሃል።

ባዶ ጀርባ ብቻውን አያረጋግጥም። ጀርባው ሳይታተም የወጣ ተራ ካርድ አለ፤ ጀርባው ተልጦ የሚሸጥም አለ። የተላጠ ከሆነ መብራቱን ከጎን ስታበራበት ወረቀቱ ሻክሮ፣ ውፍረቱም ከቦታ ቦታ ተለያይቶ ታየዋለህ።

ካርዶቹን ከ1909 እስከ 1911 እ.ኤ.አ. ያተመው የኒው ዮርኩ አሜሪካን ሊቶግራፊክ ካምፓኒ ነው፤ እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው በተራ ይታተም ነበር። 10 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ የተጫዋቹን ስም እይ። ፊደሉ ወጥ ቡናማ መሆን አለበት። ፊደሉ ራሱ ከነጠብጣብ የተሠራ ከሆነ ከፎቶ የተቀዳ ነው፣ ከዚያ በላይ አትድከም።

ቀጥሎ መስቀሉን መርምር፤ ለእኔ ትልቁ ምስክር እሱ ነው። ቀለማቱን ለማገጣጠም የተቀመጠ ስለሆነ የተለያዩ ቀለማት ተደራርበውበት እንዲገኙ ይጠበቃል። መስቀሉ ላይ ቀዩ ወደ ቀኝ ከተዛነፈ የተጫዋቹ ከንፈርም ላይ በዚያው ልክ ወደ ቀኝ መዛነፍ አለበት። ካልተስማሙ መስቀሉ በኋላ የተጨመረ ነው።

ጨለማ ውስጥ አልትራቫዮሌት መብራት አብራበት። ወረቀቱ በሙሉ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ ነው። እዚህም እዚያም ብቻ ካበራ ግን የሙጫ ቅሪት ሊሆን ይችላል።

አደራ፣ ትርፍ ጠርዙን እንዳትቆርጠው! ተራው ካርድ 36 በ67 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ የተረፈው ጠርዝ ዋናው ማስረጃህ ነው።