ያልለካኸውን ቫይታል አትሙላ

ጥያቄ፦ ሲስተር ጤና ይስጥልኝ፣ አምድዎን ሁሌ አነባለሁ። መንዝ አካባቢ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ። በቀደም ሌሊት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደም አልቆም ብሏት ደም ሰጠናት፣ ሁለተኛው ዩኒት (የደም ከረጢት) ሳያልቅ ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ተባለች። ሁላችንም እሷ ላይ ስንረባረብ የትራንስፊዥኑ (የደም መስጠቱ) ቅጽ ላይ ብዙ ቦታ፣ ቫይታሉ (ሙቀት፣ ፕሬዠር፣ የልብ ምት) ጭምር፣ ባዶ ቀረ። ጠዋት "ኖርማል ኖርማሉን ሙላበትና ዝጋው" ተባልኩ። ልሙላው? ለሌላ ጊዜስ እንዴት ላርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትሞላው። ያልለካኸውን ሙቀት 36.8 ብለህ ብትጽፍና እናትየዋ ደብረ ብርሃን ስትደርስ ብትንቀጠቀጥ፣ እዛ ያለው ሐኪም ያንተን ቁጥር አምኖ "ከደሙ አይደለም" ብሎ ሌላ ሌላ ምክንያት ሲፈልግ ሰዓቱ ይሄዳል። ባዶ ቦታ ቢያንስ አይዋሽም። "ዘግይቶ የተጻፈ" በልና አሁን የምትጽፍበትን ቀንና ሰዓት አስቀምጥ፣ ከዛ የሆነውን እርግጠኛ የሆንክበትን ብቻ ጻፍ፣ ያልተለካውን አልተለካም በል፣ ፈርም። የዩኒቱ ቁጥር ከጠፋህ ላብ (ላቦራቶሪው) ደሙን ያወጣበት መዝገብ ላይ አለ።

ለሌላ ጊዜ ደሙ ገና ከላብ ሳይመጣ "ጻፊው እገሌ ነው" ተባባሉ። ሌላው ይሩጥ፣ እሱ ሰዓት ይይ። ቅጹ ከእጅ ከራቀ ፕላስተር ቀዶ አልጋው ራስጌ ለጥፎ እዛ ላይ ይጻፍ፣ በኋላ ይገለበጣል። ከረጢቱ ከመሰቀሉ በፊት ሁለት ሰው አልጋው አጠገብ ቆሞ ስሟን እስከ አያት፣ የካርድ ቁጥሯን፣ ብለድ ግሩፑን፣ የዩኒቱን ቁጥርና ኤክስፓየሪውን ያመሳክርና ሁለቱም ይፈርሙ፣ ስም ብቻ አይበቃም፣ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሁለት አስናቀች ተኝተው ሊገኙ ይችላሉ እኮ።

ከቫይታሎቹ ሁሉ አደራ የምልህ የ15 ደቂቃዋን ነው። ከመጀመሩ በፊት፣ በ15 ደቂቃ፣ ሲያልቅ ይለካል፣ ግን ግሩፑ የተሳሳተ ደም ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ገና ትንሽ እንደገባ ነው። ራሷን የሳተች ወይ አንስቴዥያ ላይ ያለች እናት ወገቤን አመመኝ፣ በረደኝ አትልህም፣ የሚናገርላት ሙቀቷ፣ ፕሬዠሯና የሽንቷ ቀለም ነው። ከተጠራጠርክ ደሙን አቁም፣ የደሙን ቱቦ (ሴቱን) ቀይረህ በሳላይን (በጨው ውሃ ግሉኮስ ሳይሆን) መስመሩን ጠብቅ፣ ሐኪም ጥራ፣ ያቆምክበትን ሰዓት ጻፍ፣ ከረጢቱን ወደ ላብ መልስ።

ክሮስማች (የሚሰጠው ደም ከእሷ ደም ጋር መስማማቱ የሚታይበት ምርመራ) ሳይደረግ ኦ ኔጌቲቭ ደም ከተሰጠ ትዕዛዙን የሰጠው ሐኪም ይፈርምበት፣ የላብ ናሙናውም ደሙ ከመሰቀሉ በፊት ይቀዳ።

ሌላው ሰዓት አጻጻፍ ነው፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል። አንድ ዩኒት ከተጀመረ በ4 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፣ አምቡላንሱ ጣርማበር ጉም ውስጥ ቢዘገይም ቆጠራው አይቆምም። አንተ 8፡20 ብለህ ብትልክ ተቀባዩ በፈረንጅ ሰዓት አንብቦ ጠዋት ሊመስለው ይችላል፣ ስለዚ "ሌሊት 8፡20፣ በኢትዮጵያ" ብለህ ጻፍ፣ ስንተኛው ዩኒት እንደሆነና ምን ያህል እንደቀረው ሪፈር ወረቀቱ ላይ አስገባ፣ አብራት የምትሄደዋ ነርስም በቃል ትንገራቸው።

ለኃላፊህ ደግሞ ቅጹ ለምን ባዶ እንደቀረ በግልጽ ንገረው። ተረኛ አንሶ ከሆነ እሱን የእናትየው ቻርት ላይ ሳይሆን ለብቻው ሪፖርት አርገህ አስገባ።